መጀመሪያ ንፋሱን ጠይቁ፦ ዊለምስታድ ላይ በኤሌክትሪክ ሳይክል አንድ ቀን

እሷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። ዛሬ የጉዞ ወሬ አለን። ወንድሜ በክሩዝ መርከብ ካሪቢያን ደርሶ መጥቷል። እኔ የጠበቅሁት የባሕርና የአሸዋ ወሬ ነበር። እሱ ግን ከመጣ ጀምሮ አፉን በከፈተ ቁጥር ሳይክል ነው።

እሱ፦ ምን ላድርግ እህቴ! ስምንት ቀን ተጉዤ ልቤ ውስጥ የቀረው ያ አንድ ቀን ነው። ኩራሳኦ ደሴት፣ ዊለምስታድ ወደብ። መርከቡ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቆመ። ሁላችንም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በፊት መመለስ ነበረብን። በዚያች ሰዓት ውስጥ ነው የኤሌክትሪክ ሳይክል ተከራይቼ የዞርኩት።

እሷ፦ ለማያውቃት ሰው ደሴቲቱን አስተዋውቀን።

እሱ፦ ከቬንዙዌላ ጠረፍ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ስፋቷ 444 ካሬ ኪሎ ሜትር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግራችሁ፤ ደቾች፣ ማለትም የኔዘርላንድስ ሰዎች፣ በ1634 ከስፔን እጅ ወሰዷት። ዛሬም በኔዘርላንድስ ንጉሣዊ መንግሥት ሥር ናት፤ ከ2010 ጀምሮ ግን የውስጥ ጉዳይዋን ራሷ ታስተዳድራለች። ሕዝቡ ፓፒያሜንቱ ይናገራል። ፖርቱጋልኛው፣ ስፓኒሹ፣ ደችኛው፣ የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ ሁሉም ውስጡ አሉ። «ቦን ዲያ» ስትያቸው ፊታቸው ይፈታል።

እሷ፦ ካርታ ላይ ሳያት አንድ ነገር ገርሞኛል። ዊለምስታድ ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ከባሕር ዳርና ከጎንደር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱ መሀል ናት።

እሱ፦ ፀሐይዋም ያው ናት! ልዩነቱ የእኛዎቹ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ያ ያበርዳል። እዚያ ባሕር ጠርዝ ላይ ነሽ። ብቻ እኔ ባሕር ዳር ስላደግሁ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ሳይክል፣ ውሃ፣ ፀሐይ። ዘንባባም አለ። ከከተማ ስትወጪ ግን መሬቱ ደረቅ ነው። ቁልቋሉ እንደ ዛፍ ይቆማል፣ እሾኹም ብዙ ነው።

እሷ፦ ቆይ፣ ለምን ሳይክል? አውቶብስ አለ፣ ታክሲ አለ። መርከቡ ራሱ ጉብኝት ይሸጣል።

እሱ፦ አውቶብሱ የሚያቆመው እሱ በፈለገበት ነው። በእግር ደግሞ ሩቅ አትሄጂም። መኪና ብትከራዪ ማቆሚያ ስትፈልጊ ቀኑ ያልቅብሻል። በተራ ሳይክል በዚያ ሙቀት ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ለመንዳት ጉልበት ይጠይቃል። እኔ ደግሞ 50 ዓመት አልፎኛል። የኤሌክትሪኩ ፔዳል ስትመቺ ሞተሩ ከኋላ እንደሚገፋሽ ሰው ያግዝሻል። ደስ ባለሽ ቦታ እግርሽን መሬት ታደርጊና ታያለሽ። ለአጭር ቀን ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

እሷ፦ እሺ፣ ከመርከብ ወረድክ። ከዚያስ?

እሱ፦ ሳይክል የሚያከራየው ሱቅ ገና አልተከፈተም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ በባሕሩ ዳር በእግሬ ሄድኩ። የቱላ መታሰቢያ አለ። ሰንሰለቱን በመዶሻ የሚሰብር ሰው ሐውልት ነው። ይሄን ሳላይ ሌላውን ማየት አልፈለግሁም።

እሷ፦ ስለ ቱላ እኔ ልናገር፣ አንብቤያለሁና። ነሐሴ ነው፤ በፈረንጆቹ 17 ኦገስት 1795። ኬኔፓ በሚባል እርሻ ላይ በባርነት የተያዙ ከ40 እስከ 50 የሚሆኑ ሰዎች ዛሬ ሥራ የለም ብለው ቆሙ። መሪያቸው ቱላ ነበር። ክርክሩ እስካሁን ያስደንቀኛል። ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን ሰርዛለች፤ ኔዘርላንድስን አሁን የያዘችው ፈረንሳይ ናት፤ እንግዲያው እኛም ነፃ ነን አላቸው። ገዥዎቹ መልስ አልነበራቸውም። በፈረንጆቹ ኦክቶበር መግቢያ ላይ ገደሉት። ባርነቱ በሕግ የቀረው በ1863 ነው።

እሱ፦ 68 ዓመት ቆይቶ። የኔዘርላንድስ መንግሥት ክብሩን በይፋ የመለሰለት ደግሞ በ2023 ነው። ሐውልቱ ፊት ብዙ ቆምኩ። ከኋላዬ መርከባችን ይታያል፣ ሰዉ በባሕር ዳርቻ ልብሱ ይወርዳል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ከተማዋን ያየሁት በሌላ ዓይን ነው። እነዚያን የሚያማምሩ ቤቶች የሠራው የማን ገንዘብ ነው እያልኩ።

እሷ፦ ፎቶ ላይ የምናያቸው ባለ ቀለም ቤቶች ማለትህ ነው?

እሱ፦ አዎ፣ ሃንደልስካደ የሚባለው የወደቡ ዳር። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። የከተማዋ ታሪካዊ ክፍል ከ1997 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው። ድሮ ቤቶቹ ነጭ ነበሩ ይባላል። በ1817 አካባቢ አንድ ገዥ የፀሐዩ ነጸብራቅ ራሴን እያመመኝ ነው ብሎ ነጭ ቀለም ከለከለ፤ በኋላ ቀለም ሻጩ ላይ ድርሻ እንደነበረው ታወቀ እያሉ ያወራሉ።

እሷ፦ እና ያ የሚንሳፈፈው ድልድይስ?

እሱ፦ የንግሥት ኤማ ድልድይ! በ1888 ነው የተሠራው። ጀልባዎች ላይ ተቀምጧል። መርከብ ሲመጣ አንዱ ጫፉ በሞተር እየተገፋ እንደ በር ይከፈታል። ኦትሮባንዳና ፑንዳ የሚባሉትን ሁለቱን የከተማዋን ክፍሎች ያገናኛል። እኔ ከኦትሮባንዳ ወደ ፑንዳ በእግሬ ተሻገርኩበት። ከሥርሽ ሲወዛወዝ ይሰማሻል።

እሷ፦ ድሮ ቀረጥ ነበረው። ጫማ ያደረገ ይከፍላል፣ ባዶ እግሩን ያለ በነፃ ያልፋል። ለድሃው ታስቦ ነው። ድሆቹ ግን ክብራቸውን ጠብቀው ጫማ እየተዋሱ ይከፍሉ ነበር ይባላል። ሀብታሞቹ ደግሞ ጫማቸውን እያወለቁ በነፃ ያልፉ ነበር። ይሄን ታሪክ ስሰማ አያቴን አስታወሰኝ። ማጣቷን ሰው ከሚያይባት ብትራብ ትመርጥ ነበር።

እሱ፦ እግዚአብሔር ያሳርፋቸው።

እሷ፦ አሜን። በል ወደ ሳይክሉ ግባ።

እሱ፦ ሱቁ ፑንዳ ነው። ፓስፖርቴን ሳይሆን ኮፒውን ሰጠኋቸው። ማስያዣ በካርድ ያዙ። ዶላር ይቀበላሉ፤ የራሳቸው ገንዘብ ከ2025 ጀምሮ የካሪቢያን ጊልደር ነው፣ አንድ ዶላር 1.79 ጊልደር አካባቢ ነው። ሳይክሉን ከመውሰዴ በፊት በስልኬ ዙሪያውን ቀረጽኩት። ጭረት ካለ እንዲታይ። ፍሬኑን ሞከርኩ፣ ጎማውን ተጫንኩ፣ ቢበላሽ የምደውልበትን ቁጥር ያዝኩ። እዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። አንድ ነገር ግን አልጠየቅሁም።

እሷ፦ ዋጋውን?

እሱ፦ ንፋሱን! እዚያ ደሴት ላይ ንፋሱ ዓመቱን ሙሉ ከምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። ድሮ ባለ ሸራ መርከቦችን ከአፍሪካ ወደ ካሪቢያን የገፋው ያው ንፋስ ነው። ዲቪ ዲቪ የሚሉት ዛፍ አላቸው፤ በንፋሱ ብዛት ጎንበስ ብሎ ወደ ምዕራብ ተኝቷል። ዛፉን እያየሁ እንኳን አልገባኝም።

እሷ፦ ወደየት ነው የሄድከው?

እሱ፦ ወደ ምሥራቅ፣ በቀጥታ ንፋሱን ተጋፍጬ። ፒተርማይ ሰፈርን አልፌ፣ በባሕሩ ዳር «ያን ቲል» ወደሚባል ቦታ፣ ከዚያ ካራካስባይ። ከፑንዳ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሞተሩን ከፍተኛው እርከን ላይ አድርጌ እንደ ልጅ በረርኩ። ያን ቲል ስደርስ ከአምስቱ የባትሪ ምልክት የቀረው ሁለት ነው።

እሷ፦ ግማሽ መንገድ ላይ እኮ ነህ!

እሱ፦ ደነገጥኩ። ቆሜ አሰብኩበት። ነገሩ እንዲህ ነው። ንፋሱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል እንበል። አንቺ በ20 ወደ እሱ ትሄጃለሽ። ፊትሽን የሚመታሽ አየር 45 ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ ጉልበቱን ሁሉ የሚጨርሰው አየር ሲገፋ ነው። ባትሪ ካለቀ ደግሞ ያ ሳይክል 25 ኪሎ የሚመዝን ብረት ነው። እሱን በፔዳል ብቻ መንዳት መከራ ነው።

እሷ፦ ታዲያ ምን አደረግህ?

እሱ፦ ሞተሩን ዝቅተኛው ላይ አደረግሁ። ወገቤን ጎንበስ አድርጌ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ባትሪው መውረዱን አቆመ ማለት ይቻላል። ለካ ቀስ ማለት ነበረብኝ። ያን ቲል ሐይቅ አጠገብ፣ ድሮ ጨው የሚያወጡበት ነው፣ ፍላሚንጎዎች ቆመው አየሁ። ውሃው ውስጥ በቀጭን እግራቸው። በዚያ ፍጥነት ብቀጥል ኖሮ አላያቸውም ነበር። ካራካስባይ ደረስኩ፤ እዚያ በ1703 የተሠራ ፎርት ቤከንበርግ የሚባል ክብ ግንብ አለ። ጥላው ሥር ተቀምጬ ውሃዬን ጠጣሁ። የቧንቧቸው ውሃ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ነው፣ ይጠጣል፤ ኮዳ ይዛችሁ ሂዱ።

እሷ፦ መመለሱስ?

እሱ፦ መመለሱማ ሠርግ ነው! ንፋሱ ከኋላ ገፋኝ። ሞተሩን አጠፋሁት ብልሽ ታምኛለሽ? ፑንዳ ስገባ ያው ሁለቱ ምልክት አለ። ለዚህ ነው ለሁሉም የምነግረው። ከምንም በፊት ንፋሱ ከየት ነው ብላችሁ ጠይቁ። በሙሉ ባትሪ ንፋሱን ተጋፍጣችሁ ሂዱ፣ ስትደክሙ ይዟችሁ ይመልሳል። እኔ የተረፍኩት በአጋጣሚ ነው። በንፋሱ ወደ ምዕራብ በደስታ ሄጄ ቢሆን ኖሮ፣ ስመለስ በባዶ ባትሪ እሱን እየተጋፈጥኩ፣ መርከቡ ጥሎኝ ይሄድ ነበር።

እሷ፦ መንገዱ ግን አያስፈራም?

እሱ፦ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሳይክል መስመር ብዙ የለም። ትልልቆቹ መንገዶች ላይ መኪና ይፈጥናል። ውስጥ ውስጡን መሄድ ይሻላል። ከአስፋልት አትውጡ፤ ያ እሾኽ ጎማ ይበሳል። ሄልሜት አድርጉ። መልካሙ ነገር እዚያ በቀኝ ነው የሚነዳው፣ እንደ እኛው። ጃማይካ፣ ባርቤዶስ፣ ባሃማስ በግራ ነው። የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች እንኳን በግራ ነው፣ የአሜሪካ ግዛት ሆነው። እዚያ ሳይክል የሚከራይ ሰው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለቴ ማሰብ አለበት።

እሷ፦ ምሳ በልተሃል አይደል? ስለ ምግብ ሳትነግረኝ አትሄድም።

እሱ፦ ፑንዳ ውስጥ ፕላሳ ቢዩ አለ፣ አሮጌው ገበያ ማለት ነው። ትልልቅ ድስት ተጥዶ፣ ሰዉ ረጅም ጠረጴዛ ላይ አብሮ ይቀመጣል። የፍየል ወጥ በፉንቺ በላሁ። ፉንቺ የበቆሎ ገንፎ ነው በቃ! በማንኪያ መሀሉን ጎድጎድ አድርጌ ወጡን ጨመርኩበት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አይተው ሳቁ።

እሷ፦ ቅቤና በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው።

እሱ፦ በኪሴ ይዤ ብሄድ ኖሮ! ከምሳ በኋላ ሚክቬ እስራኤል ኢማኑኤል የሚባለውን የአይሁድ ምኩራብ አየሁ። ሕንፃው የ1732 ነው። ወለሉ አሸዋ ነው፣ ሙሉ አሸዋ። አንዳንዶች የሲና በረሃን ለማስታወስ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አይሁዶቹ ፖርቱጋል ውስጥ ተደብቀው ሲጸልዩ የእግር ኮቴ እንዳይሰማ አሸዋ ያነጥፉ ስለነበር ነው ይላሉ። ገብተሽ ስትራመጂ የራስሽ ኮቴ ይጠፋብሻል።

እሷ፦ ሰዓቱስ? መርከብ ሰው እንደማይጠብቅ ሰምቻለሁ።

እሱ፦ አይጠብቅም። የሰዓቱ ነገር ደግሞ ያምታታል። አሜሪካ በሚበርድበት ወቅት የኩራሳኦ ሰዓት ከማያሚ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። መርከቡ የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው። ስልክሽ አንድ ነገር ይላል፣ መርከቡ ሌላ ይላል። ስትወርጂ የመርከቡን ሰዓት አይተሽ የእጅ ሰዓትሽን በእሱ ሙዪ። እኔ ሳይክሉን በ9 ሰዓት መለስኩ። አንድ ሰዓት ተኩል አለኝ ብዬ ዘና ብዬ ወደ ድልድዩ ስሄድ፣ ደወል ተደወለ። ድልድዩ ከፊቴ ተከፈተ።

እሷ፦ ወይ ጉድ! መርከቡ ማዶ፣ አንተ ወዲህ!

እሱ፦ ሰማያዊ ባንዲራ ሰቅለዋል። ብርቱካናማ ሲሆን ቶሎ ይዘጋል፣ ሰማያዊ ከሆነ ይቆያል። ልቤ መምታት ጀመረ። አንድ የሰፈሩ ሰው በእጁ ወደ ውሃው አሳየኝ። ለካ ድልድዩ ሲከፈት ነፃ ጀልባ አለ! ተሳፈርኩ። አንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአጠገባችን ቀስ ብሎ ገባ፣ እንደ ተራራ። ከኋላችን ባለ ቀለሞቹ ቤቶች። ያ ንፋስ አሁንም ከምሥራቅ ይነፍሳል። ማዶ ስወርድ ገና 9 ሰዓት ተኩል ነበር።

እሷ፦ እንዴት እንዳስጎመጀኸኝ! እኔ እኮ ከልጅነቴ ወዲህ ሳይክል ላይ ወጥቼ አላውቅም። ያኔም ወንድሞቼ ከኋላ ይዘውኝ ነው።

እሱ፦ አይረሳም። እሁድ ፓርኩ ጋ እንገናኝ፣ እይዝልሻለሁ።

እሷ፦ ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ እመጣለሁ።

እሱ፦ ከቅዳሴ በኋላ። ነጠላሽን ግን መኪና ውስጥ ተይው፣ ጎማው ይጠመጥመዋል።