ወሲብ ድሮ ምን ማለት ነበር?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። የዛሬው ጉዳያችን አንድ ቃል ነው፤ ወሲብ። ደሴ ላይ በአባት ፊት የሚጠራው የለም። ካመለጠም ወይ «በስመ አብ» ወይ «አስተግፊሩላህ» ይከተለዋል።

የሚገርመው ቃሉ ሲወለድ ጨዋ ነበር። በግእዝ «አውሰበ» ማለት አገባ፣ «ተዋሰበ» ደግሞ ተጋባ ነው። ከፊት ያለውን «አ» ወይም «ተ» አንሱ፤ «ው»ንና «ዋ»ን ወደ «ወ» መልሱ፤ ወ፣ ሰ፣ በ ይቀራሉ። ከዚያ ወረደ «ወሪድ»፣ ነበበ «ነቢብ» እንደሚል ይሄም «ወሲብ» ይላል።

አዳላጩ «ወ» ነው። ግእዝ ላይ በቃል መነሻ ብዙ ጊዜ «እና» ማለት ስለሆነ ጀማሪ ገንጥሎ ይጥለውና «ሰብእ»፣ ማለትም ሰው ጋ ይደርሳል። እዚህ ግን «ወ» ራሱ ሥር ነው፤ «ሰብእ» ደግሞ መጨረሻው ላይ «እ» አለበት።

ሌላው ስሕተት ግእዙን በአማርኛ ጆሮ መስማት ነው። ማቴዎስ 22፥30 ላይ በትንሣኤ «አያገቡም አይጋቡምም» የሚለው በግእዙ በዚሁ ግስ ነው የተነገረው። ግሱን በዛሬው የወሲብ ፍቺ ካነበባችሁት ጥያቄው ስለ መኝታ ይመስላችኋል። ሰዱቃውያን የጠየቁት ግን ሰባት ወንድማማቾች በተራ ያገቧት ሴት የማን ሚስት ትሆናለች ብለው ነው።

እንግዲህ ወሲብ ከጋብቻ ተነሥቶ አልጋ ላይ አረፈ። ወሎ ውስጥ ጎን ለጎን የምንሰማው ኒካህ፣ የእስልምናው ጋብቻ፣ ደግሞ፣ አንዳንድ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ መንገዱ ተቃራኒ ነው። እኛ «ኒካህ ታሰረ» ስንል ወሊይ (የሙሽራዋ ወኪል)፣ ሁለት ምስክርና መህር (ለሙሽራዋ የሚሰጥ ጥሎሽ) ያለበትን ውል ማለታችን ነው። ማሰሩም ያለ ነገር አይደለም፤ ውል የምንለው ዐቅድ በዐረብኛ መቋጠር ነው። ከእስልምና የሕግ መዝሀቦች (ትምህርት ቤቶች) አንዱን የሚከተሉት ሐነፊዮቹ ግን የኒካህ ዋና ፍቺ ሩካቤ (ግብረ ሥጋ) ነው፣ ውሉ በተውሶ የመጣ ነው ይላሉ። የሌላው መዝሀብ ተከታዮች፣ ሻፊዒዮቹ፣ ይገለብጡታል።

የመዝገበ ቃላት ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) የቀራ ደረሳ (ተማሪ) ልዩነቱን ያውቀዋል። የቁርኣኑ ሱረቱ ኒሳእ 22ኛው አንቀጽ አባቶቻችሁ ኒካህ ያደረጓቸውን ሴቶች አታግቡ ይላል። ቃሉ ሩካቤ ከሆነ፣ አባት በዚና (ያለ ጋብቻ) የደረሰባት ሴትም ለልጁ ሐራም ናት፤ ሐነፊዮቹ ይህን ይይዛሉ። ውል ከሆነ ግን ክልክሏ አባት በኒካህ ያገባት ብቻ ናት።