ገመድ ይስባል እንጂ አያቆምም

ስመኝ፦ አንድ አድማጫችን ቪትዛቸው አባይ በረሃ ኩራር ላይ ቆማባቸው፣ በወንድማቸው ሃይሉክስ ወደ ደጀን ጎትተው ሊያወጧት ያስባሉ። ጋሽ ይበልጣል፣ ሃይሉክስ ይችላታል አይደል?

ይበልጣል፦ መጎተቱንማ ይችላል። እሱ ሁለት ቶን ገደማ፣ እሷ አንድ ቶን ገደማ ናት። እኔን የሚያሳስበኝ ማቆሙ ነው። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን ማገዣው አብሮ ይጠፋል። አንዴ ሁለቴ ከረገጥሽው በኋላ ፔዳሉ ይደርቃል። መሪውም ይከብዳል። ልጅ መሪ ላይ አስቀምጠው የሚጎትቱ ሳይ በጣም እናደዳለሁ። በምትጎተተዋ መኪና መሪ ላይ የሚቀመጠው ደህና ሹፌር መሆን አለበት።

ስመኝ፦ ቁልፉስ?

ይበልጣል፦ ከተነቀለ መሪው ይቆለፋል። ቁልፉ ገብቶ፣ መሪው ግራ ቀኝ መዞሩ ይታይ።

ስመኝ፦ ግን ብዙዎቹ ቪትዞች አውቶማቲክ ናቸው እኮ።

ይበልጣል፦ እሱን ነው ሰው የሚረሳው! አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱ የሚዞረው ሞተሩ ሲሠራ ነው። ሞተር ጠፍቶ ጎማው ከዞረ ውስጡ በደረቁ ይፋጫል። ቪትዝን ደግሞ የሚነዳት የፊት ጎማ ነው። ወይ ፊቷ ከመሬት ይነሳ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ መኪና ላይ ትጫን። የጭነቱ ሒሳብ ከካምቢዮ ይረክሳል።

ስመኝ፦ ማንዋል ብትሆንስ?

ይበልጣል፦ ሜዳ ላይ፣ ከሉማሜ ወደ ማርቆስ ባለው ዓይነት መንገድ፣ ቀስ ተብሎ ይሆናል። የአባይ በረሃ ዳገት ላይ ግን በፍጹም። ገመዱ ከተበጠሰ ያች መኪና በደረቀ ፍሬን ወደ ኋላ ትንደረደራለች። ቁልቁለቱም ያው ነው፤ ገመዱ ይላላና ከኋላ መጥታ ትገጭሻለች።

ስመኝ፦ የት ነው የሚታሰረው? ፓራውልት ላይ ሲያስሩ አይቻለሁ።

ይበልጣል፦ ይገነጠላል። ብዙ መኪና ላይ ከክሪኩ ጋር የተቀመጠ የሚጠመዘዝ ቀለበት አለ። ፓራውልቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍተሽ እዚያ ታስገቢዋለሽ። ገመዱ አራት አምስት ሜትር ይሁን። ሰንሰለት አልወድም፤ ሲበጠስ ሰው ይገድላል።

ስመኝ፦ እኔ አማኑኤል ላይ በገበያ ቀን ያየሁት አይረሳኝም። ሁለቱ መኪኖች መሃል ክፍተት ያዩ እናት አህያቸውን ይዘው ሊሻገሩ ገቡ። ገመዱ አልታያቸውም። ሰው ጮኾ ነው የመለሳቸው።

ይበልጣል፦ ለዚህ ነው ገመዱ መሃል ላይ ቀይ ጨርቅ የሚታሰረው። ከርቀት ይታያል። የሁለቱም መኪና የአደጋ ፍሬቻ ይብራ። ከተማ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው ወርዶ ከጎን ይሂድ፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ይሁን።

ስመኝ፦ እንግዲህ ለጠያቂያችን?

ይበልጣል፦ ጎማዋን ድንጋይ ያስደግፉና የተበላሸ መኪና አንስቶ የሚወስድ መኪና ይጥሩ። ሲሄዱም ድንጋዩን ከአስፋልት ላይ ያንሱት፤ በሌሊት ለሚመጣው ሞተረኛ ይዘኑለት።