ሰባት ቤት በኮሎኝ መዝገብ

[ስክሪን፦ በግማሽ የተሞላ የልጅ የቤት ሥራ። በግራ በኩል ሣጥኖቹ ሞልተዋል፣ በቀኝ ባዶ ናቸው።]

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ!

ልጄ ከትምህርት ቤት "የዘር ሐረግሽን ሙሊ" ተብላ መጣች። በእኔ በኩል ቀላል ነበር። ጎጃም ላሉት አጎቴ ደወልኩ፤ ቡናው ሳይፈላ ሰባት ቤት ቆጥረው ጨረሱልኝ። ባለቤቴ ግን ኮሎኝ ተወልዶ ኮሎኝ ያደገ ጀርመናዊ ነው። ከአያቱ በላይ የሚያውቀው አንድ አናጺ ብቻ ነው። "ሌላውን መዝገብ ጠይቂ" አለኝ።

እሺ፣ እንጠይቅ። ግን የትኛውን መዝገብ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስም ብቻ ይዞ ይሮጣል። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ከተማው ነው። ጀርመን አንድ አገር የሆነችው በ1871 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ)። ከዚያ በፊት ንጉሡም፣ መስፍኑም፣ ከተማውም ለየራሱ ነበር፤ ፕሩሲያም ከነዚያ መንግሥታት አንዷ ነበረች። የሁሉም ሰው ስም የተከማቸበት አንድ ቤት የለም። "ቅድመ አያቴ ከፕሩሲያ ናቸው" ማለት እኛ "ከሰሜን ናቸው" እንደምንለው ነው። ከሰሜን የት?

ዘመዱ ወደ አሜሪካ የተሰደደ ከሆነ የሃምቡርግ ወደብ ሊያግዛችሁ ይችላል። ከ1850 እስከ 1934 ያለው የመንገደኞች ዝርዝር ተርፏል። ብዙ ጊዜ ሰውዬው መርከብ ከመሳፈሩ በፊት የት ይኖር እንደነበር ይጽፋል። በብሬመን በኩል ከሄደ ግን እድላችሁ ጠባብ ነው። የብሬመን ሰዎች ቦታ ጠበበን ብለው አሮጌውን ዝርዝር በገዛ እጃቸው አስወገዱት። ይህን ሳነብ ተናድጃለሁ።

[ስክሪን፦ 110፣ 80፣ 30]

ከተማው ከታወቀ በኋላ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዙ። እኛ ዛሬ ወሳኝ ኩነት የምንለው ምዝገባ በመላው ጀርመን ግዴታ የሆነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1876 ጀምሮ ነው። መዝገቡ የሚያዘው ሽታንደስአምት በሚባለው ቢሮ ነው። ልደት 110 ዓመት፣ ጋብቻ 80፣ ሞት 30 ሲሞላው መዝገቡ ከቢሮው ወጥቶ ወደ ቤተ መዛግብት ይሄዳል። እዚያ ማንም ሰው ማየት ይችላል። ጊዜው ካልሞላ ግን የቀጥታ ዘር መሆናችሁን በወረቀት ማስረዳት አለባችሁ።

ኮሎኝ ከዚህም ቀድማለች። የራይን ወንዝን ምዕራብ ዳርቻ ፈረንሳዮች ይዘውት ስለነበር ከ1798 ጀምሮ መዘጋጃ ቤቱ ይመዘግባል። አሁን የምነግራችሁን ሀበሻ ሁሉ ይወደዋል።

[ስክሪን፦ "12 ፍሎሬያል፣ ዓመት 9"]

ይህ ቀን ነው። የፈረንሳይ አብዮት የራሱን የዘመን አቆጣጠር አውጥቶ ነበር። አሥራ ሁለት ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን። መጨረሻ ላይ አምስት ቀን ይተርፋል፤ አንዳንዴ ስድስት። ዓመቱ የሚጀምረው ደግሞ በሴፕቴምበር 22 ገደማ ነው። ባለቤቴ ግራ ሲጋባ እኔ ሳቅሁ። "ይሄማ ጳጉሜን ነው!" አልኩት። 12 ፍሎሬያል፣ ዓመት 9 ሲሰላ ሜይ 2 ቀን 1801 ይመጣል። ይህ አቆጣጠር እስከ 1805 መጨረሻ ሠርቷል።

ሌላም ጣጣ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ በላቲን "ዮሐንስ" ያለውን ሰው የፈረንሳይ ጸሐፊ "ዣን" ይለዋል። በ1815 ፕሩሲያ አካባቢውን ስትይዝ "ዮሐን" ይሆናል። ሦስት ሰው እንዳይመስላችሁ።

ጽሕፈቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ኩረንት የሚባል የድሮ የጀርመን የእጅ ጽሕፈት ነው። "ኢ" የምትባለው ፊደል "ኤን" ትመስላለች፤ "ዩ" በላይዋ ቅስት ባይኖራት ማን ይለያት ነበር? በአሮጌ መዝገብ "7በር" ካያችሁ ደግሞ ጁላይ አይደለም። ሴፕቴም በላቲን ሰባት ነው፤ ስለዚህ ሴፕቴምበር ነው።

[ስክሪን፦ በክር የተሰፋ የወረቀት ጥቅል]

አሁን ወደ ወርቁ እንምጣ። ከልደት መዝገብ ይልቅ የጋብቻ አባሪ ሰነዶችን ፈልጉ። በፈረንሳይ ሕግ ሙሽሮች ሲጋቡ የልደት ማስረጃቸውን ያቀርቡ ነበር። ወላጅ ከሞተ የወላጅ የሞት ማስረጃ ይጨመራል። ሁለቱም ወላጆች ከሌሉ ፈቃድ የሚሰጡት አያቶች ናቸው፤ እነሱም ከሌሉ የአያቶች የሞት ማስረጃ ይታከላል። ይህ ሕግ በራይን ምድር ፈረንሳዮች ከሄዱም በኋላ ቀጥሏል። እናም ወላጅ አልባ ሙሽራ ያለበት አንድ ጥቅል ሦስት ትውልድ ይሰጣችኋል። የባለቤቴን ቤተሰብ ሣጥኖች የሞላልን እንዲህ ያለ ጥቅል ነው።

ያገኘነው ግን ኮሎኝ ሳይሆን ዱይስቡርግ ነው። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይጻፍ ስለነበር የራይን አካባቢ ሁለተኛ ቅጂ የሚቀመጠው እዚያ፣ በክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ነው። ለምን ሁለት ቅጂ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ማርች 3 ቀን 2009ን አስታውሱ። የኮሎኝ ከተማ ቤተ መዛግብት አጠገቡ በሚቆፈረው የምድር ባቡር ምክንያት ተደርምሶ ጉድጓድ ገባ። ውስጥ የነበሩት ሰዎች በጊዜ ወጡ፤ አጠገቡ ባሉት ቤቶች ግን ሁለት ወጣቶች ሞቱ። ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የመደርደሪያ ሰነድ ጭቃና ውሃ ውስጥ ቀረ። የራሰው ወረቀት በረዶ ሆኖ ቀስ በቀስ ደረቀ። 95 ከመቶ ያህሉ ወጥቷል፤ ብዙው ግን ገና መጠገን አለበት። አዲሱ ሕንፃ በ2021 ተከፍቷል።

አናጺው ራሱ የተገኘው በከተማው የአድራሻ መጽሐፍ ነው። በየዓመቱ የሚታተም የአባወራዎች ዝርዝር ነው፤ ስም፣ ሥራ፣ መንገድ፣ የቤት ቁጥር። በአንዱ ዓመት እሱ አለ። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ቤት ሚስቱ ብቻ አለች፤ ከስሟ አጠገብ "መበለት" የሚል ምሕጻር አለ። የሞት መዝገቡን የትኛው ዓመት ላይ እንደምንፈልግ በዚህ አወቅን።

ለቤተ መዛግብቱ ስትጽፉ ስም፣ ግምታዊ ዓመት፣ ሃይማኖትና ካወቃችሁ መንገዱን ጨምሩ። ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ መልሱም ሳምንታት ይወስዳል።

[ስክሪን፦ የሞላው ወረቀት]

የመጨረሻው ሣጥን ላይ የገባው የአናጺው አያት ነው። በጋብቻው መዝገብ ግርጌ ምስክሮቹ ሁሉ ፈርመዋል። እሱ ጋ ሲደርስ ጸሐፊው "መጻፍ እንደማይችል ተናግሯል" ብሎ አልፎታል።

ይህን ለአጎቴ በስልክ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ "ታዲያ አሻራ አላስደረጉትም?" አሉኝ።