የኮንስታብል «ሎክ»፦ ሥዕሉን በገመዱ በኩል ማንበብ

ሄለን፦ ዛሬ የያዝነው የእንግሊዛዊውን ሠዓሊ የጆን ኮንስታብልን ሥዕል «ዘ ሎክ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን፣ ሮያል አካዳሚ በተባለው የሥነ ጥበብ ተቋም ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበውን። ዳዊት፣ ሎክ ምን እንደሆነ ሳንናገር ሥዕሉ አይገባም።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። የወንዙ ውሃ ከአንድ ከፍታ ወደ ሌላው በሚወርድበት ቦታ፣ ከላይም ከታችም በር ያለው ገንዳ ይሠራል። ሎክ ማለት ይሄ ነው። ጀልባው የሚወርድ ከሆነ ገንዳው እስከ ላይኛው ውሃ ልክ ይሞላል፣ ጀልባው ይገባል፣ የላይኛው በር ይዘጋል። ከዚያ ታችኛው በር ላይ ያለችው ትንሽ መዝጊያ ከፍ ትልና ውሃው ይለቀቃል።

ሄለን፦ ሥዕሉ የያዘው ይቺን ቅጽበት ነው። ሰውየው ሙሉ ክብደቱን በዘንጉ ላይ የጣለው መዝጊያዋን ለማንሳት ነው። ትልቁን በር ገና አይነካውም።

ዳዊት፦ ቢነካውም አይከፈትለትም። ውስጥና ውጭ ያለው ውሃ እኩል እስኪሆን ድረስ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ በሩን ገፍቶ ይይዘዋል። አሁን ገመዱን እዪው።

ሄለን፦ አዎ፣ እኔም እዚያ ልደርስ ነበር! ገመዱ ግንዱ ላይ ተጠምጥሟል እንጂ አልተቋጠረም። ውሃው ሲጎድል ጀልባው አብሮ ስለሚወርድ ገመዱ ቀስ በቀስ መለቀቅ አለበት። ጠብቆ ቢታሰር ጀልባው በአንድ ጎኑ ይንጠለጠላል፤ ጨርሶ ቢለቀቅ ደግሞ የሚፈሰው ውሃ ወስዶ ከበሩ ጋር ያላትመዋል።

ዳዊት፦ ከበሩ በላይ የተጋደመውን ወፍራም እንጨትስ? ብዙ ሰው ለጌጥ የገባ ይመስለዋል። በሥዕሉ ላይ ያለው ወንዝ ስቱር ነው፤ የስቱር ሎኮች ግድግዳቸው በግንብ የተያዘ አልነበረም፤ አፈሩ በሩን የተሸከሙትን ቋሚዎች ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። ቋሚዎቹ ቢጠጋጉ በሩ ተጣብቆ አይንቀሳቀስም። አግዳሚው የተቀመጠው ቋሚዎቹን አራርቆ ለመያዝ ነው።

ሄለን፦ ኮንስታብል ይህን ሁሉ ማወቁ አያስገርምም። አባቱ ጎልዲንግ ኮንስታብል የፍላትፎርድ ወፍጮ ባለቤት ነበሩ፤ የወንዙን የጀልባ ጉዞ ከሚያስተዳድሩትም አንዱ ነበሩ። ሎክ ሲባል ተቆፍሮ የተሠራ ቦይ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ስቱር ግን ቦይ አይደለም። በ1705 በወጣ ሕግ ለጀልባ እንዲመች የተደረገ ወንዝ ነው፤ በእንግሊዝ አገር በሰፎክና በኤሴክስ አውራጃዎች ድንበር ላይ ይፈሳል።

ዳዊት፦ ሥዕሉ ኤግዚቢሽኑ በተከፈተበት ቀን በ150 ጊኒ (የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ገንዘብ) ተሸጠ። በ2012 በጨረታ ከ22 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። ለእኔ ግን ከዋጋው በላይ የሚገርመኝ የሸራው አቋም ነው፤ ሌሎቹ ትልልቅ የስቱር ሥዕሎቹ ወደ ጎን የተዘረጉ ናቸው፣ ይሄ ቁመቱ ይበልጣል። ዓይን ከዛፉ ወርዶ፣ በሰውየው ክንድ በኩል አልፎ ውሃው ላይ ያርፋል።

ሄለን፦ በቀጣዩ ዓመት የመጣውን «ዘ ሊፒንግ ሆርስ»ንም አብራችሁ እዩት። በወንዙ ዳር ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች በሚሄዱበት መንገድ ላይ ከብት ከማሳ ወደ ማሳ እንዳያልፍ አጥር ይደረግ ነበር። ፈረሶቹ አጥሩን ለመዝለል ተለማምደዋል፤ ኮንስታብልም አንዱን ሲዘል ሳለው። በመጀመሪያ ከፈረሱ ፊት የአኻያ ዛፍ ነበረ።

ዳዊት፦ መንገዱን ዘጋበት። ኮንስታብል ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ዛፉን ከፊት አጥፍቶ ከፈረሱ ኋላ አደረገው።