መልከ መልካም፣ ቁመቷ ከ1.60 በላይ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። ደሴ ላይ ዝናቡ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ከሰማችሁ ይቅርታ። የጦሳ ተራራ ጉሙን አንዴ ከለበሰ በቃ፣ ቀኑን ሙሉ አያወልቅም።

ሰሞኑን በፒያሳ በኩል ሳልፍ አንድ ካፌ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። በእስክሪብቶ ነው የተጻፈው። ደምቆ እንዲታይ ፊደሉ ላይ ሁለቴ ተሂዶበታል። «አስተናጋጅ እንፈልጋለን። ጾታ ሴት። ዕድሜ ከ18 እስከ 25። መልከ መልካም። ቁመቷ ከ1.60 በላይ።» ከታች ስልክ ቁጥር አለ። ትሪ መያዝ ትችላለች ወይ፣ ሒሳብ ትችላለች ወይ፣ ሰው ታከብራለች ወይ የሚል አንድ ቃል የለውም። በግ ሲገዛ እንኳ ሰው ጥርሱን ገልጦ፣ ላቱን ጨብጦ ነው።

ወረቀቱ የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ዛሬ እሱን ላውራችሁ።

አስራ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሥራ ልንጠይቅ አንድ ሆቴል ሄድን። የሆቴሉን ስም አልጠራም፣ የሷንም እንደዚያው። ከሁለታችን ሥራውን የምትችለው እሷ ነበረች። እናቷ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ነበራቸው። ልጅቷ ሻይ ስታመላልስ ነው ያደገችው። ጣቶቿን በብርጭቆዎቹ መሃል ሰካክታ፣ ያለ ትሪ፣ በሁለት እጇ ሰባት ብርጭቆ ሻይ ታነሳለች። ሰባት! ጠብ አይልም። የአስር ሰው ትዕዛዝ ሳትጽፍ ትይዛለች። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ ረከቦት ይዤ ስነሳ እናቴ «ቀስ! ቀስ!» እያለች ከኋላ የምትከተለኝ ልጅ ነበርኩ።

ጓደኛዬ ግራ ጉንጯ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላት። ሕፃን ሆና ምድጃ ላይ ወድቃ ነው። ከጆሮዋ ሥር ይነሳና ከንፈሯ ጫፍ ላይ ይቆማል።

ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ እኔን «እስቲ ቁሚ» አለኝ። ቆምኩ። «ዙሪ» አለኝ። ዞርኩ። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ያኔ ግን፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ ነው ያለኝ። «የየት ልጅ ነሽ?» አለኝ። ቤተሰቦቼ የሐይቅ ሰዎች መሆናቸውን ነገርኩት። «ታስታውቂያለሽ» አለና ፈገግ አለ። አለቀ፣ ተቀጠርኩ። ወደ ጓደኛዬ ዞረ። ፊቷን አየ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን አየ። «ላንቺ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ማጠብ አለ፣ ከፈለግሽ» አላት። ፈለገች። የቤት ኪራይ ነበረባቸው።

«የሰው ፊት እሳት ነው» ይባላል። ሥራ ፍለጋ ደጅ የጠና ያውቀዋል። እሷን ግን የራሷም ፊት ሁለተኛ አቃጠላት።

ሆቴሉ ውስጥ ከጓዳ ወደ አዳራሹ ምግብ የሚወጣባት ትንሽ መስኮት አለች። እኔ በዚህ በኩል፣ እሷ በዚያ በኩል። የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነበር። ማኪያቶ የአንድ ሰውዬ ጋቢ ላይ ደፋሁ። ትዕዛዝ ስቀላቅል እሷ እጇ አረፋ እንደያዘ በመስኮቷ ብቅ ትልና «ሦስት ቁጥር ስፕሪስ ነው፣ አምስት ቁጥር ነው ጥቁር ሻይ ያለው» ትለኛለች። ከጓዳ ሆና፣ ጆሮዋ ብቻ ነው እኮ የሚሠራው! በሌላ አነጋገር ሥራዬን የምትሠራልኝ እሷ ነበረች። እኔ የቆምኩት ለመታየት ነው።

ደሞዛችን ብዙ አይራራቅም። ልዩነቱ ቲፑ ላይ ነው። የአስተናጋጅ ሥራ ያወቀ ያውቃል፣ ኑሮው ያለው ቲፑ ላይ ነው። ጓዳ ቲፕ አይገባም። መጀመሪያ አካባቢ ማታ ማታ አካፍላት ነበር። ከዚያ በሳምንት አንዴ ሆነ። ከዚያ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት እኔም አላውቅም። ስለለመድኩት ይሆናል፣ የሚገባኝ መስሎኝ ይሆናል።

ሰው መልክን እንደ ዕድል ያየዋል። «እግዜር የሰጣትን ምን ታርገው?» ይላል። ዕድሉ ግን በብር ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ1994 ዳንኤል ሐመርሜሽና ጄፍ ቢድል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኢኮኖሚክስ ምሁራን ይህን አስልተውታል። የአሜሪካና የካናዳ የቤት ለቤት መጠይቆችን ወሰዱ። እየዞሩ የጠየቁት ሰዎች ለተጠያቂው መልክ ደረጃ ሰጥተውበት ነበር። መልካቸው ከመካከለኛ በታች የተባሉት ሰዎች ደሞዝ ከመካከለኞቹ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በወንዶች ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ ከሴቶቹ አያንስም። ስለዚህ ወንድሞቼ፣ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳትዘጉኝ።

ወሎ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ሸክም አለው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የተጠሩት በኛ አገር ስም ነው። ዘፈኑ ስለ ዓይናችን ነው፣ ስለ አንገታችን ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ «ወሎ ነሽ? ታስታውቂያለሽ» ትባላላችሁ። ደስ ይላል፣ ማን ይጠላል? ግን አንድ ቀን አዳራሹ በሰው ሲጨናነቅ ጓደኛዬ ሲኒ ልታነሳ ወጣች። አንድ ደንበኛ ቀና ብሎ አያትና «አንቺም ወሎ ነሽ እንዴ?» አላት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሲኒዎቹን ይዛ ገባች። ያን ቀን በመስኮቷ ብቅ አላለችም። ቁንጅና የአገር መታወቂያ ሲሆን፣ ቆንጆ አይደለሽም የተባለችው ልጅ አገሯንም ትቀማለች። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» የምንል ሰዎች ነን። እሺ፣ በስም ደገፍናት። በደሞዝስ?

አሁን የባለቤቶቹን ወገን ልያዝ። እነሱ የሚሉት ይገባኛል። «ብሬን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ ደንበኛ ቆንጆ ማየት ይፈልጋል፣ እኔ ምን ላድርግ?» ነው። ደንበኛው መፈለጉ እውነት ነው። እኔም ጁስ ቤት ስገባ ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ግን ደንበኛ ስንት ነገር ይፈልጋል! የዚህ ብሔር ሰው አያስተናግደኝ፣ የዚህ ሃይማኖት ሰው ምግቤን አይንካ የሚል ደንበኛም አለ። ለሱ ብለን ወረቀት አንለጥፍም። ብንለጥፍ ነውር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ንጽሕና ሌላ ጉዳይ ነው። ጥፍርሽን ቁረጪ፣ ጸጉርሽን ሸፍኚ፣ ሽርጥሽን እጠቢ ብትሉኝ ትክክል ናችሁ፣ አድርጌው እመጣለሁ። ጠባሳዬን የት ጥዬው ልምጣ? ፊልም ላይ፣ የልብስ ማስታወቂያ ላይ መልክ ራሱ ሥራው ይሆናል፣ እሱ አያጣላንም። ሻይ ግን በጉንጭ አይቀዳም።

ስለ ተመረጥነው ማንም አያወራም። በመልክሽ ስትቀጠሪ መልክሽ የቤቱ ዕቃ ይሆናል። እጅሽን ይዞ የማይለቅ አለ። ሒሳብ ሲከፍል ስልክ ቁጥርሽን ካልሰጠሽኝ የሚል አለ። አንዱን ተቆጥቼ ሥራ አስኪያጁ ጋ ተከሰስኩ። «አንቺ እኮ የተቀጠርሽው ደንበኛ እንድትይዢልን ነው» አለኝ። ያኔ ነው «ዙሪ» ያለኝ ነገር የገባኝ።

ከዚያ አገባሁ፣ አረገዝኩ። ማድያት ወጣብኝ። ሁለቱም ጉንጬ፣ ግንባሬ፣ ጥቁር ብሎ። ሜካፕ ብለው፣ እንቁላል ብለው፣ እርጎ ብለው፣ ወይ ፍንክች! ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «እስኪለቅሽ ድረስ ጓዳ ሁኚ» አለኝ። ክፋት ያሰበም አልመሰለው፣ ያዘነልኝ ነው የመሰለው። ገባሁ። ጓደኛዬ እጇን ጠራረገችና ከሚስማሩ ላይ ሽርጥ አውርዳ ሰጠችኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ያን ቀን ያቆምኩት ቲፕ ትዝ አለኝ።

ሕጉን ያነበብኩት ከሥራው ከወጣሁ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ ዘር፣ ቀለም፣ ጾታ፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት እያለ ይዘረዝርና «በሌላ አቋም» ምክንያትም ልዩነት አይደረግም ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 14 ላይ አሠሪ በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። እሱም ከዘረዘረ በኋላ ለሌሎች ምክንያቶች በሩን ክፍት ይተዋል። «መልክ» የሚል ቃል በስሙ አልተጻፈም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ2001 በስሙ ጽፈውታል፣ የሰው አካላዊ ገጽታ ከተከለከሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። አሜሪካ ደግሞ አዮዋ ግዛት ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም አስር ዓመት ያህል አብራው የሠራችውን ረዳቱን አሰናበታት። ልቡ ወደሷ አዘንብሎ ነበር፣ ሚስቱም አስወጣት ብላለች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 የጾታ አድልዎ አይደለም ብሎ ለሐኪሙ ፈረደ። አያችሁ፣ ቁንጅናም ያስባርራል!

«በመልክ ተጣልኩ ብሎ ማን ያስረዳል?» የሚሉ አሉ። ሌላ አገር እውነት ሊሆን ይችላል። «እንደውልልሻለን» ይሉሽና ጥፍት ይላሉ፣ ምን ይዘሽ ትከሻለሽ? እኛ ጋ ግን ማስረጃው በር ላይ ተለጥፏል! ስልክ ቁጥር ሳይቀር አለው። ቴሌግራም ላይም «ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ፎቶ ላኪ» ተብሎ በግልጽ ይጻፋል። የሚደብቀው የለም፣ ምክንያቱም ጥፋት ነው ብሎ የሚያስብ የለም። እኔ ግን አድልዎ ነው እላለሁ። በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ። ጓደኛዬ እዚያ የራሷን ቁርስ ቤት ከፍታለች። አምስት ጠረጴዛ ናት፣ ፉሏ ግን አያድርስ ነው። የሷም በር ላይ ወረቀት አለ። ልቤ ድንግጥ ብሎ ተጠግቼ አነበብኩት። «አስተናጋጅ እንፈልጋለን። ጾታ አይለይም። ሥራ የሚችል።» ደስ አለኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ሻይ ይዛ የመጣችው ልጅ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ሸጋ ናት፣ ዓይን የማታስነቅል ሸጋ! ቀና ብዬ ጓደኛዬን አየኋት። ምን እንዳሰብኩ ወዲያው ገባት።

«ወላሂ በብርጭቆ ነው የፈተንኳት» አለችኝ።

«ሰባቱን አነሳች?»

«ስድስቱን። ሰባተኛውን ሰበረችው።»

«ታዲያ ለምን ቀጠርሻት?»

ሳቀች፣ ጠባሳዋ እጥፍ እስኪል ድረስ። ከዚያ ተነስታ ፉሌን ልታመጣ ገባች።