ቀን ያልተቆረጠለት ቀጠሮ

የተከበራችሁ ሐኪሞችና የዓይን ነርሶች፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበርና ከጣርማበር ታማሚዎችን ይዛችሁ ደብረ ብርሃን የምትመላለሱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

የተጋበዝሁት ስለ ዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ዘመቻው ውጤት እንድናገር ነበር፤ ውጤቱን ግን እናንተው አይታችሁታል። እኔ የምናገረው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

እናቴ መንዝ ውስጥ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። የዓይን ሞራዋ ተገፍፎ በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ የልጅ ልጆቿን በመልካቸው ለየች። እኔም ነርስ ሆኜ ሳለሁ ቸኩዬ በ10ኛው ቀን መነጽር አስለክቼ ገዛሁላት፤ ዓይኗ ገና አልረጋም ነበርና ሁለት ወር ሳይሞላ መነጽሩ አልሆናትም። ከዓመት በኋላ ደግሞ ዕይታዋ እንደገና ደበዘዘ። ሲሸኟት «ይመለሱ» አሏት እንጂ ቀን አልቆረጡላትም፤ እርሷም «የተሰጠኝ ይኸው ነው» ብላ እንዝርቷን አስቀምጣ ሁለት ክረምት ቤት ዋለች። የጋረዳት ግን በቀዶ ጥገናው የገባላትን ሰው ሠራሽ ሌንስ የያዘው ስስ ከረጢት መደፍረሱ ነበር። ያግ ሌዘር በሚባል የብርሃን ጨረር መሐሉ ተከፈተላት፤ ያለ ቢላና ያለ ስፌት በደቂቃዎች አለቀ። ለደቂቃዎች ሥራ ሁለት ክረምት! ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ቆጥረን እናጨበጭባለን፤ ተመልሶ የታየውን ለምን አንቆጥርም?

መነጽር ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆይ። በሌዘሩም አንቸኩል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልጠራ ዕይታ በዓይን ጀርባ ካለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ከሬቲና፣ እብጠት ወይም ከሌንሱ ቁጥር አለመግጠም ሊመጣ ይችላል፤ ከረጢቱ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ሌንስ መቀየር እጅግ ይከብዳል። መቀየር ያለበት ሌንስ ግን ከረጢቱ አጥብቆ ሳይዘው ቀደም ብሎ ይወሰንለት። ኮርኒያቸውን፣ የዓይናቸውን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፣ በሌዘር ያስተካከሉ ወጣቶችም ድጋሚ እርማት ሲሹ፣ ልኬታቸው በተለያየ ቀን ተለክቶ አንድ እስኪሆን፣ ቢያንስ 3 ወር ያህል ይጠብቁ። ሕመም፣ መቅላትና ድንገተኛ የዕይታ መቀነስ ግን ቀጠሮ አይጠብቁም፤ በዚያው ቀን ይታዩ።

ዛሬ ከሰዓት የሚሸኙት ታማሚዎች ካርድ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው። የመመለሻ ቀን ያልተጻፈበትን ካርድ እንዳትፈርሙ እለምናችኋለሁ። ቀኑንም ይዟቸው ለመጣው ልጃቸው ጭምር ንገሩት፤ ለእናቶቻችን ደግሞ «የኅዳር ሚካኤል ማግስት» በሏቸው፣ አይረሱትም።