አንድ ሕግ ቀይሩ
በጌም ፕሮቶታይፕ ውድድር መክፈቻ ምሽት፣ ከዳኞቹ አንዱ ለተወዳዳሪዎች ያደረገው ንግግር

የተከበራችሁ ተወዳዳሪዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ መምህራንና እንግዶች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ ማታ ሥራ ለምትጀምሩት ወጣቶች ደመወዝ የሚከፍላችሁ የጌም ኩባንያ የለም። ገሚሶቻችሁ ተማሪዎች ናችሁ። ገሚሶቻችሁ ደግሞ ቀን የሰው ሶፍትዌር ስትሠሩ ውላችሁ ማታ ለራሳችሁ ጌም የምትጽፉ ናችሁ። የተሰጣችሁ ሥራ አንድ የታወቀ የድሮ ቪዲዮ ጌም መርጣችሁ፣ እንደ አዲስ አስባችሁ፣ ከ48 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሰው ሊጫወትበት የሚችል ፕሮቶታይፕ፣ ማለትም የሙከራ ሥሪት፣ ይዛችሁ መቅረብ ነው። እኔም ከሚዳኟችሁ ሰዎች አንዱ ስለሆንኩ፣ ኮድ መጻፍ ሳትጀምሩ ምን እንደምፈልግ በግልጽ ልነግራችሁ መጣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁላችሁም ከምታውቁት ልነሳ፤ ከኖኪያው እባብ። በ1997 ኖኪያ 6110 ላይ የጫነው ታኔሊ አርማንቶ የተባለ የፊንላንድ መሐንዲስ ነው። እባቡ ግን ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ኖሯል። በ1976 ግሬምሊን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ብሎኬድ የሚል፣ ሳንቲም እየከተቱ በማሽን ላይ የሚጫወቱት ጌም አውጥቶ ነበር። በብሎኬድ ሁለት ሰዎች አንድ ማሽን ፊት ቆመው ይፋለማሉ። እያንዳንዱ በሄደበት ሁሉ ከኋላው ግድግዳ እየተወ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የተጋጨው ይሸነፋል። በመካከል ባሉት ዓመታት ብዙ ሰዎች ይህን ሐሳብ ሲነካኩት ተቀናቃኙ ወጣ፣ በእርሱ ቦታ ምግብ ገባ። እባቡ በበላ ቁጥር ይረዝማል፤ በረዘመ ቁጥር መዞሪያ ያጣል። ሌላ ሰው ያጥርባችሁ የነበረውን ግድግዳ አሁን የራሳችሁ ሰውነት ያጥርባችኋል ማለት ነው። የተለወጠው ሕግ በጣም ትንሽ ነው፤ የወጣው ጌም ግን ሌላ ነው። አርማንቶ ደግሞ ሁለት ስልኮች በኢንፍራሬድ ተገናኝተው ሁለት ሰው እንዲጫወት አደረገና፣ የወጣው ተቀናቃኝ በሌላ በር ተመልሶ ገባ።

እንደ አዲስ ማሰብ ስል ይህን ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቢጫ ክብ በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ነጥብ እየበላ ከመናፍስት የሚሸሽበት ፓክ-ማን ይወሰድና ቢጫው ክብ በሚዳቋ፣ መናፍስቱ በጅብ፣ ነጥቦቹ በበቆሎ ፍሬ ይተካሉ፤ ከበስተጀርባ ክራር ይገባል። እኔ የአገሬን እንስሳ፣ የአገሬን ቤትና ሙዚቃ በስክሪን ላይ ማየት እወዳለሁ፤ ስዕሉን የሠራው ልጅ እጅም ይደንቀኛል። ነገር ግን ጌሙ ሲነሣ ሚዳቋዋ የምትሮጠው የጌሙን ፈጣሪ የቶሩ ኢዋታኒን ሩጫ ነው፤ ጅቦቹም የሚያስቡት በ1980 ኢዋታኒ እንዲያስቡ ያደረጋቸውን ነው። ልብሱን ቀይራችሁ ሰውዬውን ያው ካቆማችሁት፣ በዚህ ውድድር ከእኔ ከፍተኛ ነጥብ አታገኙም። ጅባችሁ እንደ ጅብ ያድናል? በመንጋ ይዞራል? ብርሃን ሲያይ ይሸሻል? ይህን ከጠየቃችሁ ሕጉ ይለወጣል፤ ስዕሉም ያኔ ቦታውን ያገኛል።

ፓክ-ማንን ካነሣሁ ዘንድ ትንሽ ልቆይበት፤ አማተሮች የድሮ ጌም ሲነኩ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኢዋታኒ ናምኮ ለተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራው ጌም ውስጥ አራቱ መናፍስት የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቀዩ በቀጥታ ያሳድዳል። ሮዙ ተጫዋቹ ወዴት እያመራ እንደሆነ አይቶ ፊቱን ለመቅደም ይሞክራል። ብርቱካናማው ከሩቅ ይመጣና ሲጠጋ ይሸሻል። ይህ ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ተጫዋቹ አንድ ዓይነት መንገድ በሄደ ቁጥር መናፍስቱም አንድ ዓይነት መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋቾች መንገዱን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸመደዱት፤ የሸመደደ ሰው ደግሞ በአንድ ሳንቲም ማሽኑን ለረጅም ሰዓት ይዞ ይቆማል።

ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን አቋርጠው የወጡት ዳግ ማክሬይና ኬቨን ከራን ከጓደኞቻቸው ጋር ይህን ችግር አዩ። እነዚህ ልጆች ቀደም ሲል አታሪ የተባለው ኩባንያ በሠራው የሚሳይል ኮማንድ ጌም ማሽን ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ቦርድ ሠርተው ሲሸጡ ተከሰው፣ ክሱ በስምምነት ያለቀላቸው ናቸው። ቀጥለው ወደ ፓክ-ማን ዞሩና ክሬዚ ኦቶ ብለው የሰየሙትን ማሻሻያ ሠሩ። አንዱን የመተላለፊያ ካርታ አራት አደረጉት። አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቅ የነበረው ፍሬ በመንገዶቹ ውስጥ እየተንከላወሰ እንዲዞር አደረጉ። መናፍስቱ በሌቭሉ መጀመሪያ ላይ ዕድል የገባበት አካሄድ እንዲሄዱ አደረጉ። በዚህ ጊዜ ሽምደዳው ከሸፈ! ሥራቸውን ይዘው ፓክ-ማንን አሜሪካ ውስጥ ያከፋፍል ወደነበረው ወደ ሚድዌይ ሄዱ፤ ኩባንያውም ገዝቶ በ1982 ሚስ ፓክ-ማን ብሎ አወጣው። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው አስበልጦ ይወደዋል፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነኝ። ልጆቹ ያደረጉትን ልብ በሉ። ስዕሉ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ጌሙ የት ላይ እንደሚሞት ፈለጉ፤ ያገኙትም ሰው በሚሰለችበት ቦታ ላይ ነው።

እናንተም ዛሬ ማታ የመረጣችሁትን ጌም ከማፍረሳችሁ በፊት ደጋግማችሁ ተጫወቱትና ሁለት ነገር ፈልጉ። ልብ የሚመታው የት ላይ ነው? እጅ የሚደክመው የት ላይ ነው? የመጀመሪያውን አትንኩ፤ ሥራችሁን ሁለተኛው ላይ ጀምሩ።

እኛ በምንኖርበት ዘመን የተሠራና ከእናንተ ሁኔታ ጋር በጣም የሚመሳሰል አንድ ሥራ ልጨምር። ሶኮባን በ1982 በጃፓን ለገበያ የቀረበ ጌም ነው። የመጋዘን ሠራተኛ ሳጥን እየገፋ ወደ ቦታው ያደርሳል፤ መግፋት ይችላል፣ መጎተት አይችልም። ከዚያ ወዲህ የሶኮባን ቅጂ የማያልቅ ሆኖ ተሠርቷል፤ አብዛኛው ሌላ ካርታ ነው። በ2017 ኮፐንሃገን ላይ በተካሄደው ኖርዲክ ጌም ጃም በተባለ የጌም መሥሪያ ውድድር ላይ አርቪ ቴይካሪ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ መጣና ሳጥኖቹን በቃላት ተካቸው። የጌሙ ሕጎች ሰሌዳው ላይ ተጽፈው ይታያሉ፦ ግድግዳ ያግዳል፣ ባንዲራ የነካ ያሸንፋል፣ ተጫዋቹ ይህ ነው። ቃላቱ ደግሞ ይገፋሉ። አንዱን ቃል ገፍታችሁ ዓረፍተ ነገሩን ካፈረሳችሁት ሕጉም አብሮ ይፈርሳል፤ ግድግዳው ማገዱን ይተውና በውስጡ ታልፋላችሁ። ግድግዳውን ራሱን ተጫዋች አድርጋችሁ ልትነዱትም ትችላላችሁ። ባባ ኢዝ ዩ የተባለው ይህ ጌም የዚያን ውድድር ሽልማት ወሰደ፤ ሙሉው ጌም በ2019 ወጣ። ስዕሉን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ልጅ በእርሳስ የሣለው ይመስላል። ያንን ስዕል ዝቅ አድርጎ ያየ ዳኛ እዚያ አልነበረም፤ እዚህም አይኖርም።

በ2013ም በሰባት ቀን የተኩስ ጌም ለመሥራት በተካሄደ ውድድር ላይ የፖላንድ ልጆች ሱፐርሆትን አቀረቡ። ተጫዋቹ ካልተንቀሳቀሰ ጊዜ ራሱ ይቆማል ማለት ይቻላል፤ ጥይቱ አየር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃል። አንድ ሕግ ነው። ሲተኩሱ ፋታ የማይሰጠው ጌም ቁጭ ብሎ የሚታሰብበት ጌም ሆነ።

ፕሮቶታይፕ ከሙሉ ጌም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፕሮቶታይፕ ለአንድ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው፤ ጥያቄው ከተመለሰ ሥራው አልቋል። በ2005 በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች እያንዳንዱን ጌም አንድ ሰው ብቻውን ከሰባት ቀን ባነሰ ጊዜ እንዲሠራው ተስማምተው በአንድ ሴሚስተር ከ50 በላይ ሠሩ። አብዛኛው ተረሳ። ካይል ጋብለር የሠራው ታወር ኦቭ ጉ ግን በ2008 ወርልድ ኦቭ ጉ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ዋናው ገጽ፣ የድምፅ ማስተካከያው፣ የነጥብ ሰንጠረዡ ይቅር። ጎዶ በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌርም ሥሩት፣ በዩኒቲም ሥሩት፣ በተራ ጃቫስክሪፕትም ሥሩት፤ ይህን አልጠይቃችሁም።

ስህተት ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ከማረማችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጊዜ ተጫወቱበት። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን ሲሠራ ማሽኑ አቅም አልነበረውም፤ በስክሪኑ ላይ ያሉትን 55 ጠላቶች የሚያንቀሳቅሰው አንድ በአንድ ነበር። ጠላቶቹ ሲሞቱ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርሳል፤ የቀሩትም እየፈጠኑ ይሄዳሉ። ኒሺካዶ ይህን አይቶ ተወው። ጥቂት ሲቀሩ ልብ የሚሰቅለው ያ ፍጥነት ከማሽኑ ድክመት የመጣ ነው። እናንተም የምትሠሩት ለደካማ ስልክ ነው፤ ብዙ ተጫዋቻችን የያዘው እሱን ነውና። ድክመቱን ተመልከቱት፤ የምትፈልጉት ሕግ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

አሁን ስለ መብት። ወላጆች ይህን ጥያቄ አንሥታችኋል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሌላ ሰው ጌም መነሻ አድርጎ መሥራት ስርቆት ነው ወይ? በ2012 ኒው ጀርሲ ላይ የሚወርዱ ቁርጥራጮች የሚደረደሩበት የቴትሪስ ጌም ባለቤቶች ሚኖ የተባለ የስልክ ጌም የሠራውን ኩባንያ ከሰው ረቱ። ፍርድ ቤቱ ያለው ግልጽ ነው፤ የጌም ሕግና ሐሳብ የማንም አይደለም፣ ሐሳቡ የተገለጸበት መልክ ግን የባለቤቱ ነው። ሚኖ የቁርጥራጮቹን ቅርጽ፣ 20 በ10 የሆነውን ሜዳ፣ አቀማመጡን ሳይቀር ወስዶ ነበር። የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ በእኛ አቆጣጠር 1996 የወጣው ቁጥር 410፣ ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃ ውጪ ያደርጋል። ስለዚህ ስሙን፣ ስዕሉን፣ ሙዚቃውን ለባለቤቱ ተዉለት፤ የጌሙን ሕግ ግን ውሰዱ፣ ፍቱት፣ ገጣጥሙት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የሰው ልፋት ሲባክን ስለሚያመኝ ነው። ሚልተን ጓስቲ የተባለ አርጀንቲናዊ ሜትሮይድ ከተባለው ተከታታይ ጌም ሁለተኛውን ለዓመታት ደክሞ እንደገና ሠራና በ2016 በነፃ አወጣው። ያዩት ሁሉ አደነቁት። የጌሙ ባለቤት ኒንቴንዶ ግን በቀናት ውስጥ ከኢንተርኔት እንዲነሣ አደረገ። እርግጥ ሰውየው በዚያ ሥራው ታውቆ በኋላ በታወቀ ስቱዲዮ ተቀጠረ። ቢሆንም ያንን ሁሉ ዓመት የራሱ በሆነ ስምና ዓለም ላይ ቢያፈስሰው ኖሮ ዛሬ ጌሙ የእርሱ በሆነ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ እንደ ተጫዋች እለምናችኋለሁ። ኳስ የሚቀባበሉበት የ1972ቱ ፖንግ ብቻውን ለመጣ ሰው አልተሠራም፤ ሁለት ሰው ይፈልግ ነበር። በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ስታዩ ሁለት ይጫወታሉ፣ አምስት ስድስት ልጅ ተራውን እየጠበቀ ያያል፣ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ ይፎክራል። ቤት ውስጥም አንድ ስልክ ለወንድምና ለእህት፣ ለጎረቤት ልጅም ነው። ቆሞ ለሚያየው ልጅ ሥራ የሚሰጥ ጌም እስካሁን አላየሁም። የፖንግን ኳስ ከሁለቱ ተጫዋቾች ወስዳችሁ ለተመልካቾቹ ብትሰጧት ምን ይሆናል? በእባቡ ጌም ምግቡን የት እንደሚያስቀምጥ ተራ ጠባቂው ቢወስንስ? ይህ የእኛ አጨዋወት ነው፤ ቶኪዮም ካሊፎርኒያም ያለ ሰው እንደ እናንተ አያውቀውም። ከዚህ አዳራሽ አንድ ቡድን እንኳ በዚህ ላይ ቢሠራ ደስታዬ ወሰን የለውም።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁና ላብቃ። ሥራ የሚጀመረው ዛሬ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ቡድን የመረጠውን ጌምና የሚቀይረውን ሕግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ለአስተባባሪዎች ይሰጣል። ሐሳባችሁ ሌሊት ከተለወጠ ጠዋት ሌላ ወረቀት መስጠት ትችላላችሁ፤ ነጥብ አይቀነስም። እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መጀመሪያ የሚጫወቱት እኛ ዳኞች አይደለንም፤ ጌማችሁን አይተው የማያውቁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። እነርሱ ሲጫወቱ እናንተ ከኋላቸው ትቆማላችሁ፤ ማስረዳት፣ በጣት ማሳየት፣ «እሱን ሳይሆን ያኛውን ተጫን» ማለት አይፈቀድም። ልጁ የቀየራችሁትን ሕግ ራሱ ካገኘው ከፍተኛው ነጥብ የሚሰጠው ለዚያ ነው። ሻይና ዳቦ ከኋላ ተዘጋጅቷል፣ የኤክስቴንሽን ገመድ ያነሰው ቡድን ለአስተባባሪዎች ይንገር፣ ወረቀቶቹን ከመግቢያው በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ መውሰድ ትችላላችሁ።